መኪናዎ የጎደለው ትንፋሽ ነው ወይስ ድምፅ?

ውድ አንባቢ፤ በአውቶቡስ ወረፋ ላይ ቆመው ይህን መጽሔት ሲገልጡ «የስፖርት መኪና» የሚል ቃል ቢያዩ፤ «እኔ ለታክሲ የምከፍለው አጥቼ ይህ ሰው ስለ ምን ይቀልዳል?» ብለው ገጹን ሊያልፉት ይችሉ ይሆናል። እባክዎ ጥቂት ይታገሡኝ። የማወራዎት ስለ ሀብታሞች መጫወቻ ብቻ አይደለም። ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው የሚወደውን ነገር ለማሻሻል ሲነሣ፤ ገንዘቡን በየትኛው በኩል ቢያወጣ እንደሚጠቀም፤ በየትኛው በኩል ቢያወጣ ደግሞ ነጋዴውን ብቻ አበልጽጎ እንደሚቀር ነው። ነገሩን በመኪና ሞተር ማስረዳት የመረጥሁበት ምክንያት ሞተር ስለማይዋሽ ነው። ሰው ወዳጁን ላለማስቀየም ሲል ሳይሻለው «ተሻለኝ» ይላል፤ ሞተር ግን ይሉኝታ የለውም።

ነገሩን ያነሣብኝ የእኅቴ ልጅ ነው። በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ ቀን ቀን ይማራል፤ ማታ ማታ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ይሠራል። በሁለት ዓመት ቁጠባ በ2013 የተሠራች አንዲት ትንሽ የስፖርት መኪና ከሰው እጅ ገዛ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እኔ በወጣትነቴ ጥቂት ዓመታት በጋራዥ መሥራቴን ስለሚያውቅ፤ እርሱ ዘንድ በእንግድነት በሰነበትሁ ጊዜ አንድ ወረቀት አምጥቶ ፊቴ ዘረጋ። በወረቀቱ ላይ ሦስት ዕቃዎች ተጽፈዋል፤ የአየር መሳቢያ፤ የጭስ መሰብሰቢያ ቧንቧ፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታ። ሁሉም ከፋብሪካው ውጭ በሌሎች ሠሪዎች የተዘጋጁ ናቸው። «ጋሼ፤ ከሦስቱ የቱን ላስቀድም?» አለኝ። ዋጋቸውን ብንደምረው ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ብሎ ካስቀመጠው ገንዘብ ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጥያቄው የቧንቧ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ይመለከቷል።

ስለ መኪናይቱ ጥቂት ልንገርዎት። ይህች መኪና በአሜሪካ ያን ጊዜ «ሳየን ኤፍ አር ኤስ» ተብላ ትሸጥ ነበር፤ በጃፓን ስሟ «ቶዮታ 86» ነው። ቶዮታና ሱባሩ ተባብረው በ2012 ለገበያ ያወጧት ስትሆን፤ በቶዮታ በኩል ሥራውን የመሩት ዋና መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳ ነበሩ። ሞተሯ ሁለት ሊትር ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊሜትር፤ የፒስቶኑ ጉዞም 86 ሚሊሜትር ነው። በደቂቃ 7,000 ዙር ስትዞር 200 የፈረስ ጉልበት ትሰጣለች። ዳሩ ግን አንድ የታወቀ ጉድለት አለባት፤ ይኸውም ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር ባለው መካከል የመጠምዘዝ ኃይሏ እንደ መንገድ ጉድጓድ ዝቅ ይልና እንደ ገና ይነሣል። ባለቤቶቿ ዕቃ ለመለወጥ የሚሯሯጡትም ባብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሞተር የሚተነፍስ ዕቃ ነው

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፤ ከምርጫው በፊት ሞተር ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ሞተር በአጭር ቃል አየር ስቦ የሚያስወጣ ፓምፕ ነው። ፒስቶኑ ሲሄድ አየር ይስባል፤ ሲመለስ ያንን አየር ያምቀዋል፤ ከዚያ ቤንዚንና አየሩ ተቀጣጥለው ፒስቶኑን ይገፉታል፤ በመጨረሻ ሲመለስ የተቃጠለውን ጭስ ያባርራል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ የሞተር ጉልበት የሚወሰነው ብዙ ቤንዚን በማፍሰስ ሳይሆን፤ ብዙ አየር አስገብቶ የተቃጠለውን ፈጥኖ በማስወጣት ነው።

አየሩ ምን ያህል እንደ ሆነ አብረን እናስላ። ሁለት ሊትር የሆነ ሞተር በሁለት ዙር ሁለት ሊትር አየር ይስባል፤ በአንድ ዙር አንድ ሊትር ማለት ነው። በደቂቃ 7,000 ዙር ሲዞር እንግዲህ በደቂቃ 7,000 ሊትር፤ በአንድ ሴኮንድ 117 ሊትር ያህል ይሆናል። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ያስቡት፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስድስት ጀሪካን ለመሙላት ጥቂት የቀረው አየር በዚያች ትንሽ ቧንቧ ውስጥ ያልፋል።

ይህን ያህል አየር የሚያልፍበት መንገድ ከጠበበ ሞተሩ ይታፈናል። ይህ እውነት ነው፤ ዕቃ ሻጮችም የሚነግሩን ይህንኑ እውነት ነው። የማይነግሩን ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለመሆኑ መንገዱ ቀድሞ ጠቦ ነበርን?» የሚለው ነው።

ስለ አየር መሳቢያ

ፋብሪካው የሠራው የአየር መሳቢያ ለዓይን የማይስብ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ነው። በውስጡ የወረቀት ፊልትሮ አለ። በዚህች መኪና የሣጥኑ አፍ ከፊት ለፊት፤ ከራዲያቶሩ በላይ ስለ ተቀመጠ የሚስበው ንጹሕና ቀዝቃዛ የውጭ አየር ነው። በዚያ ላይ ሣጥኑ ድምፅ የሚያፍኑ ክፍሎች አሉት።

በምትኩ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ሲሆን፤ በጫፉ ላይ እንደ ጎጆ ክዳን የሾለ ፊልትሮ አለበት። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አጭር ሆኖ እዚያው ከሞተሩ አጠገብ ያለ መከለያ ይቀመጣል። ነዳጅ ሲረግጡ የሚያሰማው ድምፅ እውነትም ልብ ያነቃል። ነገር ግን የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ከ20 ዲግሪ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ ክብደቱ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ አፉ ሰፋ፤ የሚተነፍሰው አየር ግን ሳሳ ማለት ነው። መኪናው ሲፈጥን ንፋሱ ሙቀቱን ጥቂት ይወስድለታል፤ በከተማ ወረፋ ላይ ሲቆም ግን ይብስበታል።

ሁለተኛው ዓይነት ረጅም ሆኖ ከፊት መከላከያው ኋላ ወደ ታች ይወርድና ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ይህ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ነገር ግን አንድ አደጋ አለበት። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ውሃ ሲይዝ ፊልትሮው ውሃ ውስጥ ከገባ ሞተሩ ውሃውን ይስባል። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም። ፒስቶኑ ሊያምቀው ሲሞክር ፒስቶኑን የያዘው ብረት ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ከማስተካከል አልፎ ሞተር ወደ መለወጥ ይደርሳል።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። በዚህች መኪና መሳቢያ ላይ የሚያልፈውን አየር እየለካ ለሞተሩ ኮምፒዩተር የሚነግር አንድ ትንሽ ሴንሰር ተቀምጧል። ሴንሰሩ የሚያስበው የቧንቧው ስፋት እንደ ፋብሪካው መሆኑን ነው። ቧንቧው ሰፋ ያለ ከሆነና ኮምፒዩተሩ ካልተስተካከለ፤ ሴንሰሩ ካለፈው አየር ያነሰ ይናገራል፤ ኮምፒዩተሩም ከሚገባው ያነሰ ቤንዚን ይልካል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል፤ ይንኳኳል። እንደዚሁም በዘይት የሚርሰውን የጥጥ ፊልትሮ የገዛ ሰው አጥቦ ሲመልሰው ዘይቱን ካበዛው ያው ሴንሰር በዘይት ይቆሽሻል።

ነገሩን በዓይናችን ለማየት ፈለግን። ከልጁ ጓደኞች አንዱ በዚያው ዓይነት መኪና ላይ አጭሩን መሳቢያ አስገጥሞ ነበር። በአንድ እሑድ ማለዳ፤ ባዶ በሆነ መንገድ ላይ፤ ሕጉ ከሚፈቅደው ፍጥነት ሳናልፍ በሦስተኛ ማርሽ በሰዓት ለካነው። ከዚያ የፋብሪካውን ሣጥን መልሰን ለካን። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ሞከርን። ልዩነቱ ጣታችን ሰዓቱን ለመጫን ከሚዘገየው አልበለጠም። የመኪናው ባለቤት ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፤ «ድምፁ ግን ያምር ነበር» አለ። እውነቱን ነው፤ ያምር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ፋብሪካው ራሱ ከዚህች መኪና የአየር መሳቢያ ላይ አንዲት ቀጭን ቱቦ አውጥቶ፤ የሞተሩን ድምፅ ወደ ሹፌሩ ክፍል እንድታደርስ አድርጓል። የቱቦዋ ሥራ ድምፅ ማድረስ ብቻ ነው። የ2022 ሞዴል ተብላ በአሜሪካ ለገበያ በወጣችው በሁለተኛዪቱ ትውልድ ደግሞ ድምፁ በድምፅ ማጉያ ነው የሚታገዘው። እንግዲህ መሐንዲሶቹ ትንፋሽና ድምፅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ለየብቻም ሠርተዋቸዋል። አንድ የሚያደርጋቸው የገዢው ጆሮ ነው።

ስለ ጭስ ማውጫ

ጭሱ ከሞተሩ ሲወጣ በአራት ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ከአራቱ ሲሊንደሮች የሚቀበሉት የጭስ መሰብሰቢያ ቧንቧዎች አሉ፤ ቀጥሎ መርዙን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር፤ ቀጥሎ መካከለኛው ቧንቧ፤ በመጨረሻ ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ነው። ሰው የሚያየው የመጨረሻውን ስለ ሆነ ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚያ ነው። የዚህች መኪና የጭስ መውጫ አፍ ስፋት እንኳ ለስሟ ሲባል 86 ሚሊሜትር ተደርጓል፤ ይህ ግን ጌጥ ነው። ጭሱ እዚያ ሲደርስ ሥራውን ጨርሶ ሊበተን ነው። የመጨረሻውን ማርሚታ ብቻ የለወጠ ሰው ድምፅ ገዛ፤ ቀላል ብረት ከመረጠ ጥቂት ኪሎ ቀነሰ፤ ጉልበት ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ «ሞተር ጥቂት መታፈን ያስፈልገዋል» ይላሉ። ይህ በደንብ ያልተነገረ እውነት ነው። ሞተር የሚፈልገው የጭሱን ፍጥነት እንጂ መታፈን አይደለም። ከአንዱ ሲሊንደር ፈጥኖ የወጣ ጭስ ከኋላው ክፍተት ይተዋል፤ ያም ክፍተት የሚቀጥለውን ሲሊንደር ጭስ ጎትቶ ያወጣዋል። ቧንቧው ያለ ልክ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፤ መጎተቱም ይቀራል። «ሰፊ በሆነ መጠን ይሻላል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ እንግዲህ ግማሹን ብቻ እንደ ነገረዎት ይወቁ።

በዚህች መኪና እውነተኛ ለውጥ የሚያመጣው የመጀመሪያው ክፍል፤ ማለት የጭስ መሰብሰቢያው ነው። እርሱ በጥሩ ሁኔታ ተለውጦ የሞተሩ ኮምፒዩተርም አብሮ ሲስተካከል፤ ያ ከ3,500 ዙር በላይ ያለው ጉድጓድ በብዙ ይሞላል። ግን እዚህም ምርጫ አለ። አራቱ ቧንቧዎች እኩል ርዝመት ሲኖራቸው ጭሱ በእኩል ልዩነት ይደርሳል፤ ድምፁ ለስላሳ ይሆናል። ርዝመታቸው ሲለያይ ግን የቀድሞዎቹ የሱባሩ መኪናዎች የሚታወቁበትን የሚንደቀደቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከእኩሎቹ ያነሰ ጉልበት ነው የሚገኘው። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ ይበሉ! ጉልበት እየቀነሰ ድምፅ የሚጨምር ዕቃ አለ፤ ገዢም አለው። ገዢውን አልነቅፈውም፤ የምነቅፈው ድምፁን እየሰማ «ጉልበት ጨመርሁ» ሲል ነው።

ድምፁን የሚገዛ ሰውም ቢሆን በረጅም መንገድ ላይ ሳይሞክረው አይግዛ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በሴኮንድ 100 ጊዜ ያቀጣጥላል። በዚህ ምት ላይ የሚያጉረመርም ማርሚታ ለአምስት ደቂቃ ደስ ያሰኛል፤ ለሁለት ሰዓት ግን ራስ ያዞራል። ጆሯችንም ጥሩ ዳኛ አይደለም። ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሮ ግን እጥፍ ያህል ብቻ ይመስለዋል። ሹፌሩ «ጥቂት ነው የጨመርሁት» ሲል፤ ሕፃን ያስተኛች ጎረቤት ግን ሌላ ትላለች።

ሕግና ከፍታ

የእኅቴ ልጅ በሚኖርበት በካሊፎርኒያ ሕጉ ጥብቅ ነው። ለእንዲህ ያለች ትንሽ መኪና የጭስ ማውጫ ድምፅ ከ95 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮም «አስተካክለህ ተመለስ» ተብሎ በነፃ የሚታለፍበት መንገድ ተዘግቶ ጥፋተኛው ወዲያው መቀጮ እንዲከፍል ተደረገ። የአየር መሳቢያና የጭስ መሰብሰቢያ ቧንቧ ደግሞ የአየር ብክለትን ስለሚነኩ፤ የዚያ ክፍለ አገር የአየር ጥበቃ ቦርድ የሰጣቸው የፈቃድ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። ቁጥሩ የሌለው ዕቃ የተገጠመባት መኪና የጭስ ምርመራውን አታልፍም። በዚህች መኪና የመጀመሪያው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከጭስ መሰብሰቢያው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ፤ መሰብሰቢያውን የሚለውጥ ሰው ሳያስበው ማጣሪያውንም አውጥቶ ሊጥል ይችላል። ይህ ደግሞ በአሜሪካ በመላው አገር የተከለከለ ነው።

በአዲስ አበባ ለሚኖሩ አንባቢዎቼ አንድ ቃል ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር እዚህ ሲመጣ ጉልበቱ በዚያው መጠን ይወርዳል፤ የሚያብረቀርቅ ቧንቧም ተራራውን ዝቅ አያደርገውም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚነዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለች፤ ቀድመው የገቡትን በደንብ ማቆየት ከመቼውም ይልቅ ያስፈልጋል። ለአቧራማ መንገዳችን በወቅቱ የሚለወጥ ንጹሕ ፊልትሮ ከማንኛውም ጌጠኛ መሳቢያ ይበልጣል።

እንዴት ይመረጣል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከእኅቴ ልጅ ጋር ተቀምጠን ወረቀቱን እንደ ገና ጻፍነው። አስቀድመን መኪናይቱን አየናት። የፊት ጎማዎቿ ጥርስ አልቋል። የአየር ፊልትሮዋን ስንከፍት አቧራና የደረቀ ቅጠል ሞልቶበታል፤ የቀድሞው ባለቤት የለወጠው አይመስልም። እንዲህ ያለችውን መኪና 10 የፈረስ ጉልበት ቢጨምሩላት በዝናብ ቀን ባለቤቷን ወደ ግንብ ለማድረስ ብቻ ይረዳታል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማ ገዛ፤ ዘይትና ፊልትሮ ለወጠ። የፊልትሮው ዋጋ የሁለት ምሳ ያህል ነው፤ መኪናዋ የጎደላት ትንፋሽ ግን ይኸው ነበር። የሚያብረቀርቀውን መሳቢያ ከወረቀቱ ሰረዘው። የጭስ መሰብሰቢያውንና የኮምፒዩተሩን ማስተካከያ፤ የፈቃድ ቁጥር ያለውን መርጦ፤ ትምህርቱን እስኪጨርስ አቆየው። የመጨረሻውን ማርሚታ ግን ሕጉ ከሚፈቅደው የማያልፈውን፤ ሌላ ሰው የተጠቀመበትን፤ በርካሽ ገዛ። «ይህን የገዛሁት ለጆሮዬ ነው» አለኝ ሳያፍር። ወደድሁለት። የትምህርቱ ገንዘብም ሳይነካ ቀረ።

እርስዎም አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ቢያጋጥምዎ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ያለዎት ዕቃ ጤነኛ መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለተኛ የሚፈልጉት ጉልበት ነው ወይስ ድምፅ የሚለውን ለራስዎ በግልጽ ይመልሱ። ሦስተኛ መንገዱ የጠበበው የት ላይ እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ ያልጠበበውን ማስፋት ገንዘብ ማባከን ነው። አራተኛ «ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት ይጨምራል» የሚልዎትን ሻጭ፤ በአንድ ቀን፤ በአንድ መለኪያ፤ በፊትና በኋላ የተለካውን ውጤት ያሳየዎት ዘንድ ይጠይቁት። ሁለትና ሦስት የፈረስ ጉልበት መለኪያው ራሱ የሚሳሳተው ነውና አይደነቁበት። አምስተኛ የፈቃድ ቁጥሩን ከገንዘብዎ በፊት ያውጡት።

የፋብሪካዎቹም ምስክርነት ይኸው ነው። ቶዮታና ሱባሩ በሁለተኛዪቱ ትውልድ የዚያችን መኪና ጉድጓድ ሊሞሉ ሲነሡ የሲሊንደሩን ስፋት ከ86 ወደ 94 ሚሊሜትር አሳደጉና ሞተሩን 2.4 ሊትር አደረጉት። የመጀመሪያዪቱ ከፍተኛውን የመጠምዘዝ ኃይሏን የምታገኘው ከ6,400 ዙር በላይ ነበር፤ ሁለተኛዪቱ ግን በ3,700 ዙር ታገኘዋለች። ጉድለቱን ያሸነፉት ሳንባውን በማሳደግ ነው እንጂ ጉሮሮውን በማስጮህ አይደለም።

ድምፅን መውደድ ነውር አይደለም፤ የሚያምር ድምፅ ያለው ሞተር እኔም ቆሜ እሰማለሁ። ነገር ግን የድምፅ ዋጋ ሌላ፤ የጉልበት ዋጋ ሌላ ነው፤ የአንዱን ከፍሎ ሌላውን መጠበቅ ኪስንም ልብንም ያደርቃል። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለቄስ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ ለጋራዥም ይሠራል፤ ለቢሮም ይሠራል። ያለዎትን ጥቂት ገንዘብ ሊያወጡ ሲሉ «የጎደለኝ ትንፋሽ ነው ወይስ ድምፅ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን በእውነት ለራሱ የመለሰ ሰው፤ አውቶቡስ ቢጠብቅም እንኳ፤ ከብዙ ባለ መኪና ቀድሞ ይደርሳል።